ማንም ያልጠየቀኝ

ልጅ ሳለሁ እሳት የሚጫረው ከጎረቤት ነበር። ክብሪትማ ዳባት ገበያ ላይ ነበረ፤ ግን ለክብሪት ብሎ ያን ዳገት ማን ይወጣ፣ ማን ይወርድ! ማታ ፍሙን አመድ ውስጥ ቀብረን እናድራለን፣ ማለዳ ገለጥ አድርገን እፍ እንለዋለን። ድንገት የጠፋ እንደሆነ የተሰበረ እንስራ ገል ይዘን ጭስ ወደሚታይበት ቤት እንሄዳለን። «እሳት ልጫር» ነው የሚባለው። የተጣላ ጎረቤት እንኳ እሳት አይከለክልም። አገራችን ውርጭ ነው፤ እሳት የከለከለ ሰው የገደለ ያህል ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እየተናገርኩ የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ትዕግሥት ናት፤ ደባርቅ ላይ ታስተምራለች። ያልኩትን እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። እሷም እሺ ብላኛለች፤ እንግዲህ እናያለን።

መንደራችን ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲወጣ፣ ከትልቁ መንገድ ርቆ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከአፋፉ በታች ቆላው እንደ ሌላ አገር ተዘርግቶ ይታያል። ያኔ በመንደሩ ዳር፣ ከሁሉ ቤት በታች፣ እትዬ ላቀች የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ከጃናሞራ ተድራ የመጣች ናት፤ ባሏ ሞተና እሷ ቀረች። ልጅ የላት፣ ወንድም የላት፣ በአገራችን «የኔ ናት» የሚላት ሰው የላት። የበግ ጠጕር እየፈተለች ባና የሚባለውን የጠጕር ልብስ ለሚሠሩት ትሰጥ ነበር፤ ከጠጕሩ ቅባት የተነሣ ጣቶቿ በኩራዝ ብርሃን ያብለጨልጩ ነበር።

ከብቱ ገብቶ፣ እናቶቻችን ጓዳ ጓዳውን ሲሉ፣ እኛ ልጆቹ እሷ ቤት እንታጎራለን። ኩበቱ ይጨሳል፣ ዐይናችን ያለቅሳል፣ ከጭሱ በታች ለመሆን በደረታችን እንተኛለን። የኩራዟ ብርሃን ከእንዝርቷ አያልፍም ነበር፤ የእሷን ፊት አናየውም፤ እንዝርቱ ሲዞር ብቻ ነው የምናየው። ተረቱ የሚያስፈራ ቦታ ሲደርስ እንዝርቱ ይቆማል። ያኔ ትንፋሻችንም ይቆማል።

ታዲያ እትዬ ላቀች ተረት በነፃ አትሰጥም። ዋጋው ቀን ያየነው ነገር ነው። አንድ በአንድ «ዛሬ ምን አየሽ?» ትለናለች። የሰማነውን አትቀበልም፤ የመሰለንንም አትቀበልም፤ በዐይናችን ያየነውን ብቻ። ጠይቃ ዝም ትላለች። እስክንጨርስ አንዲት ቃል አትጨምርም። የጨረስን ሲመስለን ደግሞ «ከዚያስ?» ትላለች። የእሷ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበራትም።

አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ አዳነ «ነብር አየሁ» አለ።

«ከዚያስ?» አለችው።

«ከዚያ አጓራ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ጅራቱን ቆላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እናቴ ፍርፋሪ ጣለችለት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ አልተቆጣችም። «ነብርህን ተንከባከበው፣ ደግ ውሻ ይወጣዋል» አለችውና እንዝርቷን አዞረች። እስኪሞት ድረስ «ባለ ነብሩ» ነበር የምንለው።

አሁን ወደዚያች ምሽት ልመለስ። ብዞር ብዞር መመለሴ አይቀርም።

የገብስ አጨዳ አልቆ ክምሩ አውድማ ላይ ተከምሮ፣ ውቂያ የሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። የዚያን ምሽት የነገረችን ተረት የገደሉ ነበር። አንዲት ልጅ ነበረች አለች፤ ወንድሟ ማር ሊቆርጥ ገደል ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። ልጅቷ አፋፉ ላይ ቆማ ገደሉን ጠየቀችው። «ነብር በላው ወይ?» ብላ ጮኸች። ገደሉም «በላው ወይ... በላው...» አላት። አልቅሳ ገባች። በማግሥቱ ልቧ አላርፍ አለና ተመልሳ «ወድቆ ሞተ ወይ?» አለችው። «ሞተ ወይ... ሞተ...» አላት። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታቸውን ትጠላው ስለነበር «እገሌ ገደለው ወይ?» አለች። ገደሉም «ገደለው ወይ... ገደለው...»። አባቷ ይህን ሰምቶ ጦሩን ከግድግዳ አወረደ። «አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሞተ» አለች እትዬ ላቀች፣ «ሦስቱንም ጊዜ የገደለችው የእሷው ድምፅ ነው።» ልጅቷም በአራተኛው ቀን ጕሮሮዋ ዘግቶ፣ የምትጮኸው ጠፍቷት፣ አፋፉ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ዝም ብላ ተቀመጠች። ዝም ባለች ጊዜ ገደሉ...

እንዝርቱ ቆመ።

«ገደሉ ምን አለ?» ብለን ጮኽን።

«ቀሪው ነገ።»

ሌሎቹ እየተንጫጩ ወጡ። እኔ ቀረሁ። እናቴ ቀኑን ሙሉ አውድማ ስትደክም ውላ የቤታችን እሳት ጠፍቶ ነበርና «ስትመለሺ እሳት ይዘሽ ነይ» ብላ ገል አስይዛኛለች። ፍሙን እስክትሰጠኝ ድረስ ነዘነዝኳት። «መጨረሻውን ብቻ ንገሪኝ፤ ለማንም አልናገርም፤ እትዬ በሞቴ!» እሷ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች። «ነገ አልኩሽ እኮ!» ሦስት ፍም በሁለት እንጨት ቆንጥጣ ገሉ ላይ አኖረችልኝ፤ አመድ ነሰነሰችበት። «ነፋስ ነው። አመዱን እንዳትገልጪ። በላይኛው መንገድ ሂጂ፣ በአውድማው እንዳትሄጂ» አለችኝ። ደጇ ላይም ቆማ ታየኝ ጀመር።

እኔ ተቆጥቼ ነበር። ጥቂት በላይኛው መንገድ ሄድኩና እሷ ከዐይኔ ስትሰወር ወደ አውድማው ታጠፍኩ። እንዲህ በማድረጌ የበቀልኳት መሰለኝ፤ የልጅ በቀል። አመዱንም እፍ ብዬ ገለጥኩት፤ ፍሙ በነፋሱ ሲቀላ ሲያዩት ደስ ይል ነበር። ከጭቃ ሹሙ፣ ከመንደራችን አለቃ፣ ክምር አጠገብ ስደርስ ገሉ ጋለና አውራ ጣቴን ለበለበኝ። ዘመም አደረግሁት። አንድ ፍም ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ፈለግሁት፤ ነፋሱ ጭዱን ያንከባልለዋል፣ ፍሙ የለም። ቤታችን በሁለት ፍም ገባሁ። እናቴ «ሁለት ብቻ ሰጠችሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

ገና ራት ሳንቀርብ ሰማዩ ቀላ።

የጭቃ ሹሙ የአያ ገሠሠ የዓመት ገብስ እስከ ታችኛው ነዶ ነደደ። በማግሥቱ አውጫጭኝ ተጠራ። የዛሬ ልጆች አታውቁትም። ያኔ ጥፋተኛው ካልታወቀ አገሩ ሁሉ፣ ሴት ወንዱ፣ ትልቅ ትንሹ፣ ከወይራው ሥር ተሰብስቦ ይታገዳል። ቤት መግባት የለም፣ ሥራ የለም፣ እውነቱ እስኪወጣ ድረስ። የሚያውቅ ሰው ስሙ እንዳይታወቅ ለሽማግሌ በጆሮው ይነግራል፤ ሽማግሌው ተነሥቶ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ይላል። እንዲያ ነበር ሥርዓቱ። ክፉ ሥርዓት ነው አልልም፤ ስንቱን ሌባ አውጥቷል። የዚያን ጊዜ ግን የእህሉም ባለቤት አያ ገሠሠ ነው፣ ጠያቂውም አያ ገሠሠ ነው። የእትዬ ላቀች አጥር ደግሞ ከማሳው ጋር ይዋሰናል፤ ያቺን ቦታ ስንት ጊዜ ለምኖ እምቢ ብላዋለች። መልሱን ቤቱ ሠርቶ ነው የመጣው።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ አለፈ። በሁለተኛው ቀን ያልታለቡት ላሞች ከየበረቱ ይጮኹ ጀመር። ሕፃናት አለቀሱ። ነፋሱ ከገደሉ እየወጣ ያንዘፈዝፈናል። ሰዉ ቤቱ መግባት ፈለገ፤ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ስም ይውጣና እንግባ አለ። ያኔ ሽማግሌው ተነሣና «ወፍ እንዲህ አለችኝ፤ ያቺ ትንሽ ልጅ በዚያ ምሽት ከላቀች ቤት ስትወጣ ታይታለች» ብሎ እኔን አመለከተ።

አያ ገሠሠ ጠራኝ። እሱን እፈራው ነበር፤ ግን ጉልበቱ ላይ አስደገፈኝ፣ ፀጉሬን ዳበሰኝ። «ነይ የኔ ልጅ። አትፍሪ። አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» አለኝ። አባት አልነበረኝም፤ ወንድ እጅ ራሴን ሲዳብሰኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ላቀችን በዚያ ምሽት አይተሻታል፣ አይደል?»

«አዎ።»

«በእጇ እሳት ነበረ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ተቆጥታ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ደጅ ወጥታ ቆማ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

ሰዉ በየመልሱ «እህ!» ይል ነበር። አንድ ሰው ከኋላ «ወይ መጤ!» አለ። እኔ ደግሞ «እህ!» በተባለ ቁጥር ከፍ ከፍ አልኩ። ተረት ነጋሪ የሆንኩ መሰለኝ፤ ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ እኔን ይሰማል።

«እንግዲህ ክምሩን ያቃጠለችው እሷ ናት። አይደል?»

አውራ ጣቴን ጨበጥኩት። ቍስሉ ውኃ ቋጥሮ ነበር።

«አዎ» አልኩ።

ልጆቼ፣ አራቱ «አዎ» እውነት ነበሩ። እግዜር ፊትም ብቆም አራቱ እውነት ናቸው። ውሸቱ አንድ ነው፤ አራቱ ግን ተሸክመው አመጡት።

እትዬ ላቀች ተነሣች። «እሳት ይዤ ነበር» አለች።

«ሰማችሁ! ከራሷ አፍ!» አለ አያ ገሠሠ።

«እሳቱን የሰጠሁት...» አለችና ዐይኗ እኔ ላይ አረፈ። የተጨበጠች እጄን አየች። ያኔ የምትለው ነገር ሁሉ በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የቀራት። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ተቀመጠች።

ያን ሁሉ ቀን ታግዶ የዋለ ሰው «ለማን?» ብሎ አልጠየቃትም። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ «ለማን ሰጠሽው?» ቢል ኖሮ! አልጠየቁም። ተነሥተው ጋቢያቸውን ማራገፍ ጀመሩ። እናቴን አየኋት። እሳት ጫሪ ብላ የላከችኝ እሷ ናት፤ ታውቃለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

አያ ገሠሠ ከቤቱ ዳቦ አስመጣና ለእኔ ቆረሰልኝ። የስንዴ ዳቦ ነበር። በላሁት። ጣፈጠኝ። ትዕግሥት፣ ይህንንም ጻፊው፤ ምን ታዪኛለሽ? ጣፈጠኝ።

በጎቿን ነዱባት። የጎጆዋን ሣር አወረዱት። ሣሩን ሲያወርዱ ከቤቷ ተረት የሰማን ልጆች ሁሉ ሥር ሥሩ እየሮጥን እንጫወት ነበር፤ አዳነ እንዝርቷን አግኝቶ ሊያሽከረክራት ሲል አንዲት ሴት ቀምታ መለሰችላት። በአገራችን እንዳታድር ተፈረደባት።

ማለዳ ጓዟን አዝላ በደጃችን አለፈች። እናቴ ጓዳ ገባች። እኔ አጥሩ ላይ ቆምኩ። ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ። ይቅር በይኝ አላልኩም። እግዜር ያውቃል፣ እንዲያ ማለት አሳቤም ውስጥ አልነበረ። «እትዬ ላቀች፣ ገደሉ ምን አለ?» ነው ያልኳት።

ቆመች። ፊቷን በቀን ብርሃን፣ ጭስ ሳይጋርደው፣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። ለካ ገና ወጣት ነበረች፤ እኔ አሮጊት ትመስለኝ ነበር።

«ሂጂና እሱኑ ጠይቂው» አለችኝ። ሄደች።

ሊማሊሞን ወርዳ በድብ ባሕር አድርጋ ቆላ ገባች አሉ። ደገኛ ቆላ ወርዶ ምን ይሆናል? በተከታዩ ክረምት አንድ በቅሎ ነጂ «ያቺ ፈታይ ዛሪማ ላይ የወባ ንዳድ ገደላት» ብሎ አወራ። እናቴ ስትሰማ እጇ ላይ የነበረውን ወንፊት አልጣለችም። መንፋቷን ቀጠለች። ለእኔ የተናገረችኝ ከአውጫጭኙ የተመለስን ዕለት ነው፤ «ከእንግዲህ እሳት ከማንም አትጫሪም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። የእትዬ ላቀች ቦታ ታረሰ። ገብስ በቀለበት። ጥሩ ገብስ ነበር፤ ሁላችንም በላነው።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ትዕግሥት ለተማሪዎቿ ቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር ታስተምራለች፤ ሰው ጠይቆ፣ ሰምቶ፣ መጻፍ። «እምዬ፣ ልጆቹ በአንቺ ይለማመዱ፤ ስለ ድሮ ይጠይቁሻል» አለችኝ። ጋቢዬን ለብሼ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ፊት ለፊት ወንበር ሰጡኝ። አንዲት ቀጭን ልጅ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ፣ አጠገቤም ቍጭ ብላ እጄን አልለቀቀችም። እንዴት ደስ አለኝ!

ናትናኤል የሚባል ቀልጣፋ ልጅ ስልኩን አፌ ሥር አስጠግቶ ከወረቀቱ ያነብ ጀመር።

«እማማ፣ የድሮ ሰው በጣም ቅን ነበር፣ አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«የድሮ ሽማግሌዎች ፍርዳቸው ትክክል ነበር፣ አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

አውራ ጣቴን አመመኝ። ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት! ልጁ ደግሞ ጥሩ ልጅ ነው፤ ፈገግ ይላል፤ ፀጉሬን አልዳበሰኝም እንጂ ያው ነው።

«ያን ስልክ አስቀምጠውና ና ፊት ቁም» አልኩት። ቆመ። «ጠዋት ትምህርት ቤት ስትመጣ በጎረቤታችሁ አጥር በኩል ነው የምታልፈው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ዶሮ አላቸው፣ አይደል?»

«አላቸው።»

«ዶሮ ወጥ ትወዳለህ፣ አይደል?»

«ኧረ በጣም!» ክፍሉ ሳቀ።

«እንግዲህ የጎረቤቶችህን ዶሮ ሰርቀህ የበላህ አንተ ነህ!»

ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመሩ። «ሌባው! ዶሮ ሌባው!» ልጁ «ምንም ዶሮ አልጠፋም እኮ!» እያለ ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። ጆሮው ቀላ። ዐይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ክፍሉ በእኔ ቃል ሲስቅ ደስ አለኝ፤ ዝም እስኪሉ ድረስ ልጁን ረሳሁት። ከወይራው ሥር አያ ገሠሠም እንዲህ ደስ ብሎት ነበር ማለት ነው። ሰው መሆን እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ለካ ቀላል ነው።

«ሦስት ጊዜ እውነቱን መለሰ፤ ሌባ ሆኖ ተቀመጠ» አልኳቸው። «ስትጠይቁ መልሱን በኪሳችሁ ይዛችሁ አትምጡ። ‹አይደል› የሚሏትን ቃል ከአፋችሁ አውጧት። ‹ምን አዩ?› በሉ፤ ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታ ይከብዳል፤ ቻሉት። ሰውየው የጨረሰ ሲመስላችሁ ‹ከዚያስ?› በሉ። ሰው ፊት የማይጠየቅ ነገር አለ፤ እሱን ለብቻ ጠይቁ።» ትዕግሥት ከኋላ ሆና ትጽፋለች። ናትናኤል ቦታው ተመልሶ አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ እስከ ዛሬ «ዶሮው» እያሉ ይጠሩታል አሉ፤ የእኔ ስጦታ ነው።

ቀጥዬ የእትዬ ላቀችን ታሪክ ነገርኳቸው። እንዴት ነገርኳቸው? «በአንድ መንደር አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች» ብዬ። የሌላ ሰው አድርጌ። የወደቀውን ፍም ዘለልኩት። በላይኛው መንገድ፣ በአውድማው የሚለውን ዘለልኩት። አውጫጭኙን፣ አራቱን «አዎ»፣ «እሳቱን የሰጠሁት...» ብላ መቀመጧን፣ ዛሪማን ነገርኳቸው። አለቀሱልኝ። «አሁን ጠይቁኝ» አልኩ፤ እንደ አዋቂ።

«ጭቃ ሹሙ ክፉ ነበር፣ አይ...» ብሎ አንዱ ቃሉን ዋጣት። ሳቁ። ሌላው «ዘንድሮ ቢሆን ፍርድ ቤት ይግባኝ ትል ነበር» አለ፤ ጥያቄ አይደለም። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች፣ እስካሁን ያልተናገረች፣ ምሕረት የምትባል ልጅ እጇን አነሣች።

«እማማ፣ እሳቱን የሰጠችው ለማን ነበር?»

ጠየቀችኝና ዝም አለች።

እኔው ነኝ ያስተማርኳት። ዝም በሉ ያልኩ እኔ ነኝ። ከውጭ ባጃጅ ያልፋል፣ አንድ ልጅ ይስላል፣ እሷ ዐይኗን አልነቀለችም፣ አልተጣደፈችም፣ ፈገግም አላለች። ያን ሁሉ ዘመን የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ፤ «ለአንድ መንገደኛ» እላለሁ፣ «አላስታውስም» እላለሁ። እሷ ዝም አለች። ዝምታዋ ላይ የምደገፍበት ግድግዳ አልነበረም።

«ለእኔ» አልኩ።

አውራ ጣቴን ዘረጋሁት። ጠባሳው አሁን ከቆዳዬ ሽብሽብ አይለይም፤ ግን አሳየኋቸው። ፍሙን፣ መንገዱን፣ ጭዱን ነገርኳቸው።

መጀመሪያ የተናገረው ናትናኤል ነው። ያን ያህል አሳፍሬው እንኳ አዘነልኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «እማማ፣ ልጅ ነበሩ እኮ። ፈርተው ነው፣ አይደል?»

ክፍሉ ሁሉ አዎ እንድል ፈለገ። ትዕግሥትም ከኋላ ራሷን ነቀነቀችልኝ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ፤ አንዲት «አዎ» ብቻ ነበር የምትፈለገው፣ እሷን ደግሞ አውቅባታለሁ።

«አይደለም» አልኩ። «አልፈራሁም። የተረቱን መጨረሻ ስለከለከለችኝ ተቆጥቼ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሰማኝም ደስ ብሎኝ ነበር። ዳቦውም ጣፍጦኛል።»

አጠገቤ የነበረችው ቀጭን ልጅ እጄን ለቀቀችው። ክፋት አይደለም፤ ሳታስበው ነው፤ እንደ ጋለ ገል። ደወል ተደወለ፤ ወንበሩ ተንጋጋ፤ ወጡ። አንዳንዶቹ «እግዜር ይስጥልን እማማ» አሉ፤ ብዙዎቹ አላዩኝም።

ያ ተረት እንደተቆረጠ ቀርቷል። ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ፤ ልጅቷ ድንጋዩ ላይ እስከተቀመጠችበት ድረስ። «ገደሉ ምን አለ?» ሲሉኝ «ቀሪው ነገ» እላለሁ። ትልልቆቹ ስም አወጡልኝ፤ «እምዬ ቀሪው ነገ» ይሉኛል። ዐምና ለአጎቴ ልጅ ለአዳነ ተዝካር አገሬ ስወርድ አፋፉ ድረስ ሄጄ እሱኑ ልጠይቀው አልኩ፤ ሂጂ ብላኝ የለ? የምጮኸው የለኝም፤ ድንጋይ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ቆላው ላይ እስክትጠልቅ ጠበቅሁ። ነፋሱ መጣ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ለማደር ገደሉን ወረዱ። ገደሉ ምንም አላለኝም።

አንዲት ነገር ደግሞ ልረሳ ነበር። ያን የትምህርት ቤቱ ዕለት ሁሉም ሲወጡ ምሕረት ከመስኮቱ አጠገብ አልተነሣችም። ባዶው ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ደብተሯን ዘግታ፣ እጇን በእጇ ላይ አድርጋ፣ ያስተማርኳትን ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ከዚያስ?»

ብዙ ነገር ልላት አሰብኩ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ከማንም ቤት እሳት አልጫርኩም ልላት ነበር። እሷ እየጠበቀችኝ ነው።

«ከዚያማ» አልኳት፣ «ኖርኩ።»